ሁለት ሚሊ

ዱካሞ ልብስ ሰፊው፣ ሐዋሳ ገበያ፣
ሜትር ሳይዘረጋ ዓይኑ ነው መለኪያ፤
«ግራህ ዝቅ ብሏል፣ ጆንያ ነው? ሐዘን?»
ይልና ይቆርጣል፣ በትከሻው መጠን።

እኔ ልጁ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ ነው ያለሁ፣
መስመር ቁጥር ስድስት ኮሌታ እሰፋለሁ።
ኮሌታ ብቻ ነው፤ ሃያ ስምንት ሴኮንድ፣
ሲያልቅ ሌላ ይመጣል፣ መልኩም ልኩም አንድ።
እጅጌ ሰፊዋን በስሟ አላውቃትም፣
ሰሌዳው ከቀላ ቀና ማለት የለም።

ትናንት ጥራት ክፍል አንድ ሸሚዝ ተጣለ፤
ግራው ሁለት ሚሊ ዝቅ ብሏል ተባለ።
ቀይ ነጥብ ለጥፈው ካርቶን ሲከቱት፣
እንደ አባቴ አድርጌ በዓይኔ ለካሁት።

ሺህ ኮሌታ ሰፍቼ ለባሹን ሳላውቀው፣
ይሄንን አወቅሁት፤
አርባ ዓመት ሲንጀር ላይ ግራው ለዘመመው
ለአባቴ
ልኩ ነው።