ሳድስ

ጎተንበርግ፣ ኅዳር። ገና በአሥር ሰዓት መሽቷል፤
ከመድኃኒት ቤቱ ደጅ ትራሙ በረጠበ ሐዲድ ያፏጫል።
ከማሽኑ የቀደድኳት ብጣሽ «ስድሳ አራት» ትላለች፤
ግድግዳው ላይ ቀይ መብራት ሃምሳ ስምንትን ትጠራለች።

ስድስት ሰው ከፊቴ አለ።
ስድስት ሰው፣ ለሌላው ስልኩን የሚነካካበት፣
ለእኔ ስሜን እንደ ደራሽ ውሃ ከሩቅ የምሰማበት፤
ሰማዩ ጠርቶ፣ አሸዋው ደርቆ፣
ጎርፉ ግን ከማላየው ተራራ ወርዶ፣ ጉሮሮዬን አንቆ።

ሃምሳ ዘጠኝ።
አባቴ በአርባ ቀኔ ቃለአብ ብሎ ሲሰይመኝ፣
ያንን ሁሉ ቃል ሲያሸክመኝ፣
የመጀመሪያዋን ፊደል በየት እንደምሻገራት አልነገረኝ።

ፊደል ሰባት ቤት አለው። ሰው እንዳሻው ገብቶ ይወጣል፤
እኔ ስገባ ስድስተኛው፣ ሳድሱ፣ በላዬ ይቆለፋል፦
ቅ… ቅ… ቅ…
አናባቢ የለው፣ መስኮት የለው፣
ኪራዩን ግን በየቀኑ ነው የምከፍለው።

ቡና አምሮኝ ሻይ አዝዤ ጠጣሁ፤
ለታክሲው አፌን የማይዘውን ሰፈር ነግሬ ቀሪውን በዝናብ በእግሬ መጣሁ።
ስልክ ሲጮህ ቧንቧ ከፍቼ ያልሰማ መሰልሁ፤
መጋዘን ውስጥ አለቃዬ ሲጠይቀኝ፣ መልሱን እያወቅሁ «እንጃ» አልሁ።
ያገሬ ሰዎች «እንዴት ያለ ጭምት!» ሲሉኝ ሙገሳቸውን ዋጥሁ።
ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤
የኔ ዝንብ ከጥንቱም ውስጥ ነው፣ ጥርሴን ስገጥም ይብስበታል።

ስድሳ አንድ።
መንተባተቡ እኮ ቢበዛ አሥር ሴኮንድ ነው።
ፍርሃቱ ነው ንጋት ላይ ቀስቅሶ ጫማዬን ያሰረልኝ፣
ትራም ያሳፈረኝ፣
ገና ሳልወድቅ አቧራዬን ያራገፈልኝ።

ስድሳ ሁለት ቢጠራ ቢጠራ ሰው የለም፤ ታክቶት ሄዷል።
ምናለ እሱን ባደረገኝ! ተራዬ በአንድ ሰው አጥሯል።

ያፌት ጋሪው ውስጥ በትኩሳት ቀልቷል።
ስሙን ስናወጣ እናቱ የፈለገችው ትርጉም ነው፤
እኔ የፈለግሁት ምላሴ የማይሰናከልበትን ነው።
«ባ፣ ባ፣ ባ» ይላል። ሁለት ዓመቱ ነው። ሕፃን ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፤
እኔ ግን እንደ ጉምሩክ ሹም እያንዳንዷን «ባ» ፈትሼ ነው የማሳልፈው።

ደግሞስ፣ እላለሁ ለራሴ፣ አማርኛስ?
ሰበረ ሲበዛበት ሰባበረ፣ ረጅም ሲበዛ ረጃጅም፤
«ቋንቋ» ራሷ ቋ ብላ፣ ተንፍሳ፣ መልሳ ቋ ናት፤
ማንም «ምነው ተያዝሽ?» ብሎ አልሳቀባትም።

ስድሳ አራት።
ደረቷ ላይ «ጉንቮር» ይላል። «የልጁ ስም?»
ያፌት። ሳይነካኝ ሾልኮ ወጣ።
«የአባቱስ?»
ለካ ልጅ ሲጠራ አባትም አብሮ ይጠራል።

ቅ… ቅ…
መታወቂያዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ ሄደ። መለስሁት።
ጉንቮር ፈገግ ብላ «ረሳኸው እንዴ?» አለች፤
ስንት ዓመት የሸሸኋት ዓረፍተ ነገር፣ ይኸው ደረሰች፣
ያችው ናት፤ ትንሽ አጠረች።
ከኋላዬ ስድሳ አምስት በረጅሙ ተነፈሰ።
ቅ… ቃ… ቃለ… አብ።

ጨዋታ መሰለውና ያፌት ከጋሪው «ቃ! ቃ! ቃ!» አለ።
ደሜ ቀጥ አለ።
ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ቅ አይደለም፣ ቃ ነው ያለው።

ሽሮፑን ኪሴ ከትቼ፣ ጋሪውን እየገፋሁ ወደ ዝናቡ ወጣሁ።
ትኩሳቱ ካልበረደለት ነገ ጠዋት ለሐኪሙ መደወል አለብኝ።
ከአሁኑ፣ ከሩቅ፣
ውሃው ይሰማኛል።