ቀን ቆረጣ

ሳልሚያ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ከማድቤቱ ጓዳ፣
ሦስት ዘመን ይኖራል፣ እንደ ሦስት እንግዳ።
አንዱ የማዳም ነው፣ በጨረቃ የሚያድር፣
ከፍሪጁ ደረት በማግኔት የሚኖር፤
አንዱ በስልኬ ውስጥ፣ ምንይችል የላከው፣
ቀዩንም ጥቁሩንም ፈረቃ የዋጠው፤
(የውኃ ቦቴ ይነዳል፣ በረሃ ሲያጠጣ ያድራል፣
በጠዋት ሲደውልልኝ ድምፁ አሸዋ ይላል፤)
ሦስተኛው የእኔ ነው፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ
በፕላስተር ታሽጎ፣ ቅዱሳኑን ይዞ፣ ተደብቆ የገባ።

«ቀን ቁረጡ» አለችን እናቴ ከብቸና፤
የሰማኋት እንባዬን ሽንኩርት ሲያወርድ ነውና
ቢላዬን አየሁት። ሽንኩርት ይቆርጣል፣ ሥጋም ይቆርጣል፣
ቀን ላይ ሲደርስ ግን ስለቱ ይሞታል።

ጥር አልን፣ የሠርግ ወር።
የምንይችል ኢቃማ ሊታደስ ነበር፤
ፓስፖርቱ ካሠሪው መሳቢያ ተቆልፎ
እንዴት ይሞሸራል ሰው ስሙን ለሌላ አሳልፎ?
«ከፊል» ነው የሚሉት አሠሪውን እዚህ፤
ስሙን ያወጣለት አማርኛ ሳያውቅ አይቀርም።
እኛም እኮ ከዚያ ወዲህ
ከፊል ነን፤ የቀረነው መሳቢያ ውስጥ ነው።

የካቲት ስንል ጾም በሩን ዘጋ።
ጾሙ ሳይፈታ የማዳም ረመዳን ነጋ፤
ሁለት ጾም ባንድ ቤት፣ ሁለት ጾመኛ ሴት፣
አንዷ ሶፋው ላይ ናት፣ አንዷ ከእሳት ፊት።
ዳግማይ ትንሣኤ? ዒዱ ሃያ እንግዳ አዘነበ።
ግንቦት? እናቴ፦ «በግንቦት የተዳረ መች ቤቱ ረጋ፣
መች ሀብቱ ተሰበሰበ!»
ሰኔ ላይ ማዳም ለዕረፍት ጠቀለለች፣
ሻንጣ፣ ልጆች፣ ድመት፣ እኔንም ጨመረች።
ፍልሰታ ስትፈታ ምንይችል ደክሞት
«ይቅር ወይ?» አለኝ።
ዝም አልኩ። የሻይ ማፍያው ጮኸ፣ እሱ መልስ ሆኖት።

ከዘይነባ ጋር የምንገናኘው ቆሻሻ ስንጥል ነው፣
የከሚሴ ልጅ ናት፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው የምትሠራው።
ሰማችኝ። ፌስታሏን በርሜል ውስጥ ወርውራ፣
«አሥራ ሦስተኛዋስ?» አለች፣
«እሷን ማን ቆጠራት፣ ማን ሰጣት ተራ?»

ጳጉሜ!
ማዳም የማታውቃት፣ ካምፓኒው ያልሰማት፣
ባገራችን እንኳ ደመወዝ የሌላት፣
ዘንድሮ፣ በሉቃስ፣ ስድስት ቀን የሆነች።
ሦስት ላይ ሩፋኤል ዓርብ ዕለት ዋለች፤
ዓርብ የእኔ ዕረፍት።
ምንይችል ፈረቃውን ለአንድ የኬረላ ሰው ሸጠ፣
በሁለት ሌሊት ልዋጭ አንድ ቀን አመለጠ።
«ዓርብ ጾም ነው» አሉ ቀሲስ፣ ጺማቸውን ዳሰሱ።
«ሽሮ ይሁን» አልኳቸው፣ «አባ፣ ሽሮ ነው ድግሱ።»

«በክረምት?» አለች እናቴ፣ «ወንዙስ የሞላ እንደሆን?
ሚዜው በምን ይሻገር?»
«እማ፣ ያለው ባሕር ነው፣ እሱም ጨው፤
ክረምቱ አስፋልት ያፈላል እዚህ አገር።»
ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያ እንደ ልጅ፦
«ታዲያ ሩፋኤል ያለ ዝናብ? አይሆንም እንጂ!»

ይህን ስነግራት ዘይነባ ቀና አለች፣
ከስድሳ ኤሲ የሚንጠባጠበውን አየች፤
መዳፏን ዘርግታ ጠብታ አቆረችና
ፊቴ ላይ ረጨችው፦
«እንኪ ዝናብሽን፤ በይ እንግዲህ ሙሽርና!»

ማታ ማዳምን ጠየቅኋት። ከፍሪጁ ፊት ቆመች፣
በቀይ ጥፍሯ ዓርብን ነካች።
«ምንድን ነው ቀኑ?»
«ምንም» አልኳት፤ «የኔ ነው።»
ገጹን አየችው፤ ባዶ ነው።
«ሂጂ» አለች፤ «ከመግሪብ በፊት ግን ተመለሺ፣
እንግዶች አሉብኝ።»
«እሺ።»

ለእናቴ በድምፅ ላክሁላት፦
ቀን ቆረጥን፣ እማ።
የቆረጥነው እኩሌታውን እንደሆነ
አልነገርኳት።