የሽምብራው እንቦጭ

መጀመሪያ ካርቶን ነበር፣ የቢራ ካርቶን ጀርባ፤
ምንይችል በእስክሪብቶ ጣናን ሸንሽኖ አስገባ።
በዚህ ጥግ ሽምብጥ፣ በዚያ ጥግ ደቅ ደሴት፣
መሃሉ ካሬ በካሬ፣ ካሬ በካሬ ሌሊት።

አራት ታንኳ፦ የእኔዋ ከካፖርቴ የወለቀች ቁልፍ፣
የባንቺአየሁ ጉትቻ፣ አቻው የጠፋ ትርፍ፣
የምንይችል የብዕር ክዳን፣ ጫፉ በጥርስ የታኘከ፤
እንየው ግን ሐኪም የነቀለውን መንጋጋውን ውሃው ላይ አንበረከከ።

እንቦጩ ቆሎ ነው፣ የሽምብራ ቆሎ፤ በየዙሩ እፍኝ ይዘራል፤
ያረፈበት ካሬ ተዘጋ፤ የደረሰ ታንኳ እዚያው ይቀራል።
ከሥሩ ደግሞ የሚሄድ አለ። ስም ያወጣለት የለም፤
"ያ" ነው የምንለው። ስም ከሰጡት ይለምዳል፤ "አቤት" ካለ አይመለስም።
በካርቶኑ ጥግ ሕጉ አለ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ፦
አንዱ ከሰጠመ አራቱም ሰጠሙ። ብቻውን የተረፈ አልተረፈ።

መብራት በሄደ ቁጥር ነበር፤ ቀበሌ አሥራ አራት፣ የእንየው አልጋ ዳር፣
ሻማ በጠርሙስ አፍ ተተክሎ፣ ግማሹ ሐይቅ ሲበራ ግማሹ ሲቀበር።
ተራ የደረሰው ነው "ያ"ን የሚገፋው፤
የገዛ እጅህ ነው ወደ ወዳጅህ ታንኳ የሚያስጠጋው።
ከዚያ በላይ የሚያስፈራ ምን አለ?
እጄ ስንቴ ተንቀጥቅጦ ስንቴ ዘገየ፣ "ቶሎ በል" እየተባለ።

እንየው ይሰርቅ ነበር። ለራሱ ግን ሰርቆ አያውቅም።
የባንቺአየሁ ጉትቻ በሽምብራ ሲታጠር፣
ያስለዋል፤ ያጎነብሳል፤ ቀና ሲል ጉንጩ ይዞራል፤
ቅርጭ።
አንድ ካሬ ውሃ ተከፍቷል።
አይተን እንዳላየን ነን። ከብት የሚበላውን አረም ሰው ቢቀምሰው ምን ነውር?
ስንሸነፍማ ሁላችን እንቦጩ ላይ ዘመትንበት፤
እፍኝ እፍኝ ቃምነውና ጣናን አጸዳንለት።

አሁን ስልክ ውስጥ ነው። ሁለት ክረምት ፈጀበት ምንይችል።
ውሃው ይተነፍሳል፤ ደንገሉ ሲንሿሿ ጆሮ አይችል።
የቁልፌ አራት ቀዳዳ፣ የመንጋጋው ጥቁር ቡርቡር፣ አንድ አልጎደለ፤
"ያ"ን ግን የሚገፋ እጅ የለ።
ራሱ ይመጣል። ቁጥር አይስትም፤
ለማንም አይሳሳም።

እኔ ከሽምብጥ፣ እሷ ከዘንዘልማ፣ እሱ ከዲያስፖራ ሰፈር፣
ማታ መውጣት ከቀረ ወዲህ፣ ኔትወርኩ ከጸና፣ በአንድ ውሃ ስንቀዝፍ ስናድር።
ስልኩን አላማውም። ካርቶኑ መንገድ አያሻግር።
ግን ይህን እንቦጭ ማን ቆርጥሞት ያውቃል?
መስታወት ነው፤ ጣት ያንሸራትታል እንጂ አይቆነጥር።

አራተኛዋ ታንኳ ከወደቡ አልወጣችም፤ ከላይዋ ጽሑፍ ይበራል ይጠፋል፦
"እንየውን በመጠበቅ ላይ።"
"አንድ መስመር ናት" አለኝ ምንይችል፤ "ብሰርዛት ይጠፋል።"
አልሰረዛት። እኔም ሰርዝ አላልኩ።
ካርቶኑን እናቱ ወስዳዋለች፤ የት እንዳኖረችው አልጠየቅኩ።

ትናንት ማታ፤ ባትሪዬ አራት ከመቶ፤
ባንቺአየሁ ለደቅ ሁለት ካሬ ሲቀራት፣ እንቦጩ ዙሪያዋን ዘግቶ፣
"ያ" ከሥሯ አረፋ ሲተፋ። ሦስታችንም ዝም፤
የምሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አይለይም።
ከዚያ፣ እዚሁ ትራሴ ሥር፦
ቅርጭ።
አንድ ካሬ ውሃ ተከፈተ።

"ማነው?" አለች።
ምንይችል አልመለሰ። የሳል ድምፅ ሰማሁ፤
ከእሱ ይሁን ከስልኩ፣ እስካሁን አልለየሁ።

ደቅ አልደረሰችም ለነገሩ። በሚቀጥለው ዙር የእኔ ቁልፍ ነው የሰጠመ፤
ለእኔ ሲሆን ያሳለ የለም። ሐይቁ ከዳር ዳር ለመለመ።
ጽሑፉም መጣ፣ የምንይችል የእጅ ጽሕፈት፣ ከካርቶኑ የተገለበጠ፣ ቀይ፦
አራቱም ሰጠሙ።

ባትሪዬ ከማለቁ በፊት ሁለቴ አነበብኩት።
አራቱም ነው የሚለው።