ጠባቧ መስመር

አፉላ። ሰኔ ነው። ከጠዋቱ አራት።
ቢቱዋህ ሌውሚ፣ መስኮት ቁጥር ሰባት።
ማራገቢያው ይዞራል፣ ንፋስ ግን የለውም፤
ሱፍ የሚፈለፍል እንጂ የሚያወራ ሰው የለም።

ሄርሽ ሌቪታስ ይባላል፤ ዘጠና ሊደፍን ስድስት ወር የቀረው፣
በዚህ ሁሉ ሙቀት ክራቫት አጥብቆ ኮት የደረበው።
ቅጹን በመስታወቱ ሥር ገፋ አደረገልኝ፤ ሁሉን ሞልቶታል፤
አንዲት ጠባብ መስመር ብቻ ባዶዋን ትቷታል፦
የትውልድ አገር።

«ምነው አባባ» አልኩት፣ «አንድ ቃል እኮ ነው።»
«ቃሉስ አልጠፋኝም፤ መስመሩ አጭር ነው።

ስወለድ ላትቪያ ትባል ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣
ከትንሿ አክስቴ የምታንስ በዕድሜዋ፣ በልጅነቷ፤
በባልቲክ ባሕር ዳር፣ በጀርመንና በሩሲያ መሀል፣
በመጅና በወፍጮ መካከል ዘና ብላ እንደተኛች እህል።
በብር ገንዘቧ ላይ ፀጉሯን የተጎነጎነች፣
የስንዴ ዛላ በትከሻዋ ያዘለች ልጃገረድ ነበረች።
አባቴ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሬዜክኔ፣ ሉድዛ መንገድ፤
ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የሰው ጊዜ ሲያበጅ፣ ሲያራምድ።

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ እንደዛሬው በሰኔ፣ ታንክ መጣ፤
ቀይ ጨርቅ በየመስኮቱ እንደ ስጥ ተሰጣ፤
ሰዓት ሁሉ በሞስኮ እንዲሞላ ታዘዘ፤
አባቴ አንዱን ብቻ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ በድሮው ልክ ያዘ።

በዓመቱ፣ በሌሊት፣ በራችን ተመታ፤
ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ሻንጣ፣ ከዚያ የከብት ባቡር ተርታ።
ሳይቤሪያ! አክስቴ ከስም ዝርዝሩ ተዘልላ ቀረች፤
ከመዝጊያው ኋላ ሆና ፈጣሪዋን አመሰገነች።
በሁለት ሳምንት ተኩል ጀርመኖች ገቡ።
እሷ ከጥዱ ጫካ አልተመለሰችም።
እኛን ብርዱ አዳነን።»

ውኃ ሰጠሁት። አልጠጣም። ብርጭቆውን ወደ ጎን አደረገ።

«ሃያ አምስት ሊሞላኝ ስመለስ አገሬን በካርታ ፈለግኋት፤
ከአሥራ አምስት አንዷ ሆናለች፤ ስሟን በትንሽ ፊደል አገኘኋት።
ቤታችን ውስጥ ሌላ ሰው ምድጃ ያነዳል፤
እኔ ሆስቴል ገባሁ፤ ሰው መቼም ይለምዳል።

በሰማኒያ ዘጠኝ፣ ነሐሴ፣ ሦስት አገር እጅ ለእጅ ተያያዘ፤
ከታሊን እስከ ቪልኒየስ የሰው ሰንሰለት መንገዱን ያዘ።
ቀኝ እጄን አንድ ተማሪ፤ ግራዬን የያዘችው ሴት
የዚያ ሰውዬ ልጅ ነበረች፣ የምድጃው ባለቤት።
መዳፏ ላብ አለው። የእኔም አለው።
አልለቀቅኋትም። ሩብ ሰዓት ነው።

ነጻ ወጣች፤ በዓመቱ ሻንጣዬን አነሣሁ፤
ይህኛውን ግን ሳልታዘዝ፣ በገዛ እጄ ነው የዘጋሁ።
አሁን ዩሮ ትቆጥራለች፤ ጎረምሳው ለሥራ አየርላንድ ይበራል፤
የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ልጅ አጥቶ፣ ሊዘጋ ነው ይባላል።
ያቺ ልጃገረድ ግን ሳንቲሙ ላይ ተመልሳለች አሉኝ፤
እሷ ምንም አላረጀችም፤ እኔን ነው የጨረሰኝ።»

ደረቴ ላይ ያለውን ስም አነበበ።
«ሲወልዱሽም ያኤል ነሽ?» «ያልጋነሽ ነበርኩ» አልኩት።
«አገሩስ?» «ደምቢያ። አገሩ አልጠፋኝም፤ ቀኑን ነው ያጣሁት።
እናቴ ‹ሽምብራው ሲያብብ› ትላለች፤ አባቴ ‹ከአንበጣው በኋላ›፤
አየር ማረፊያ ጸሐፊው ‹ጃንዋሪ አንድ› አለ፣ ሳይሰማ፣ በችኮላ፤
አውቶቡስ ሙሉ ሰው፣ ከነአያቴ፣ በአንድ ቀን ተወለደ።»
ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ፤ ክራቫቱም ላላ፣ ወረደ።
«እኔ ዲሴምበር ሦስት፣ ሌሊት፣ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ፤
አባቴ ሰዓቱን ይዞ ቆሞ ነበር በር ላይ።»

«ላትቪያ ልበል?» «የለም፤ መንገዱን ጻፊው፤
እሱ ብቻ ነው ካለበት ያልተነቃነቀው።»

ጻፍኩ። ሣጥኑ ፊደል ይቆጥራል፤
«ሬዜክኔ፣ ሉድ» ላይ ደርሶ ይቆማል።
አስቀምጥ የሚለውን ተጫንኩ።
«ሰማኒያ ስምንት» ብሎ ጮኸ መስኮቱ።