የበረዶ ሹም

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «በረዶ» እላለሁ፤
ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።
ለቴሌቪዥን ፊልም፣ በጠራራ ፀሐይ፣
በረዶ አወርዳለሁ፣ ሳይጠቁር ሰማይ።

ያን በጋ ተረቱን ልንቀርጽ ወረድን፣
እዚህ አገር ሁሉም በእናቱ ጭን ሆኖ የሰማውን፤
ጉድጓድ የገባች ልጅ፣ ከታች ያለች ባልቴት፣
ብርድ ልብሷን ስታራግፍ በረዶ የሚለብሰው መሬት።
ከካሰል ወዲያ ነው፣ ከወንዙ ባሻገር፣
ግድግዳው በጥቁር እንጨት የተማገረ መንደር።

የወረቀት በረዶ ነበረኝ፣ አርባ ጆንያ ሙሉ።
«ይሄ ይወድቃል እንጂ አይወርድም»
አለች ዳይሬክተሯ ዴትመርስ፣ እየሰሙ ሁሉ።
እውነቷን ነው። ወረቀት ይቸኩላል፣ መሬቱን ይናፍቃል፤
ላባ ግን ያመነታል፣
አየር ላይ ቆም ብሎ መንገድ ይጠይቃል።

እውነተኛ ላባ፣ እስከ ነገ ጠዋት!
በር አንኳኳሁ፣ ከቤት ወደ ቤት።
አንዷ ትራስ ሸጠችልኝ፣ በሠላሳ ዩሮ፤
ውስጡ ስፖንጅ ነበር።
አንዱ «ላባ?» አለና አሳየኝ፣ ቆሞ የሚጮኽ አውራ ዶሮ።

ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ በመጨረሻው በር፣
ኢርምትራውድ የሚሏት ሴት
ነገሬን ሳልጨርስ ደረጃውን ወጣች፤
ስትወርድ በሁለት ክንዷ፣
የተኛ ልጅ እንደሚያሸጋግር ሰው፣ ቀስ ብላ መጣች።
«የዝይ ነው። የአልቪን ነው። ትመልሰዋለህ?»
«እመልሳለሁ» አልኩ።
አልቪን ማነው አላልኩም። በእኛ ሙያ
ቃል ከወረቀት በረዶ ይረክሳል፤
ማታ ተጠርጎ ጠዋት ይረሳል።

በነጋታው መቀስ ገባበት፣ ስፌቱ ተተረተረ።
በሠላሳ ዓመቷ ያስረጇት ተዋናይ፣
የላስቲክ ፊቷ በላብ እየላላ፣ መስኮቱን ከፍታ
አራገፈች፤ ምስሉ ደበዘዘ።
አራገፈች፤ አውሮፕላን አለፈ።
አራገፈች፤ የመንደር ውሻ አስነጠሰው።
አሥራ አንድ ጊዜ።
ልጆቹ በሱፍ ካፖርት ላብ እያጠመቃቸው
«በረዶ! በረዶ!» በሉ ተባሉ፤
አንዷ ምላሷን አውጥታ ቀመሰች፣
«ፀጉር ነው» ብላ ተፋች።

ከመንገዱ ማዶ፣ በሚታጠፍ ወንበር፣
ኢርምትራውድ ተቀምጣ ታይ ነበር።
አንዲት ላባ ዞራ ዞራ ጉልበቷ ላይ ስታርፍ
አላራገፈቻትም። በመዳፏ ጋረደቻት፣
ነፋስ እንዳይወስዳት።

ምሳ ላይ ዳቦ ጋጋሪው ነገረኝ፣ አፉ ሙሉ ሆኖ፦
አልቪን በጥር እንደተኛ ቀረ፣
በዚያው ላባ ተሸፍኖ።

ሌሊቱን በሙሉ ለቀምኩ። በመጥረጊያ፣ በጣቴ፣
ከአሸንዳ፣ ከጽጌረዳ እሾህ፣ ከገዛ ኮሌታዬ።
ግማሹ የለም።
እጄ ወደ ወረቀቱ ጆንያ ሄደ፤ የሙያ ነገር፤
አፍሬ መለስኩት።
ሰፍቼ ወሰድኩላት፤ ስፌቴ የልጅ ስፌት፣ ጠማማ።
በክንዶቿ መዘነችው።
«ቀሏል» አለች።
ቆይታም፣
«እሱም መጨረሻ ላይ እንዲህ ነበር» አለች።

ለገና ተላለፈ። ከአሥራ አንዱ የቀረው ሰባት ሰከንድ ብቻ፤
ቫዮሊን ጭነውበታል። ሶፋዬ ላይ አየሁት፣ ለብቻ።
ስሜ ከታች ወደ ላይ ሮጦ አለፈ፣
እኔ ራሴ እንኳ ሳላነበው።
ስልኩ ጮኸ።
ስለ ፊልሙ ምንም አላለች።
«የዋጥ ጎጆ ወድቆ አገኘሁ፣ ከጣሪያዬ ጫፍ» አለች፤
«ውስጡ እስከ አፉ ነጭ ነው።
መልሼ በሽቦ አሰርኩት።
በሚያዝያ ይመጣሉ።»

ውጭ ዝናብ ነበር፣ ተራ ዝናብ።
በእኔ መስኮት በኩል፣ ለዚያ ሌሊት፣
የተቀጠረ ሹም አልነበረም።