ለምረቃው መጽሔት የተጠየቅሁት

«የተቋሙን ታሪክ ባንድ ገጽ አሳጥረሽ፣
የሚሰጠውን ሙያ ከነቁጥሩ ደርድረሽ፣
እስከ ሐሙስ አምጪ» ብሎኝ ዲኑ ሄደ፤
ሐሙስ መጣ፣ ገጹ ነጭ ነው፣ ጣቴም በረደ።

ከየት ልጀምረው? ከፈቃዱ ቀን ወይ?
ወይስ ከሸዋበር፣ ከጨርቅ ሱቁ በላይ
ካለችው አንድ ክፍል? ቆርቆሮዋን ዝናብ ሲደበድበው
መምህሩ ዝም ይላል፣ ጠመኔው ነው የሚናገረው።

አቶ ዋሴ ይመር፣ የኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ሰው፣
የሃያ ዓመት ሂሳብ በጣቱ ያመላለሰው፣
«ተቀናሽ» የሚል ቃል በደብዳቤ ደረሰው ባንድ ማለዳ፤
በካሳው ብር ገዛ
ስምንት የጽሕፈት መኪና፣ ስድስት አግዳሚ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ።
ካንደኛዋ መኪና «ደ» ፊደል ወልቋል፤
በርሷ የተማረ «ደሴ» ብሎ ሲጽፍ «ሴ» ብቻ ይቀራል።

«ተራ ቁጥር አንድ፦ ዘሃራ ሙሄ» ይላል አሮጌው መዝገብ፤
ሚስቱ ናት። «ክፍያ» በሚለው ረድፍ ላይ፦
«በየቀኑ ምሳ፣ መምህራኑን መመገብ።»

ታፔላው ሦስት ጊዜ ተቀባ፣
ማሠልጠኛ፣ ኮሌጅ፣ ዩኒቨርሲቲ እየተባለ፤
ጉም ከጦሳ ወርዶ ሲያረጥበው ግን
የጥንቱ ጽሑፍ ከሥር «አለሁ» አለ።

ሙያ ደርድሪ አልከኝ። እሺ፣ አካውንቲንግ አለ።
የሰኞ ገበያዋ አረጉ፣ በርበሬ ቸርቻሪዋ፣
ማታ ማታ እየመጣች «ኪሳራዬን ፈልጉልኝ» ትለን ነበር፤
በሁለተኛው ዓመት ራሷ ሠርታ አገኘችው፤
ባሏ ነበር።

ነርሲንግ፦ የሐርቡው ከማል፣ ደም ሲያይ የሚወድቅ፣
ከክፍል ጓደኞቹ እፍረቱን የሚደብቅ፤
አንድ ሌሊት በገራዶ መንገድ፣ ባጃጅ ውስጥ ምጥ ደርሶ፣
በስልክ መብራት አዋለደ። መውደቁንስ ወደቀ፣
ግን ልጁ ካለቀሰ በኋላ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሁሉን ጨርሶ።

ኮምፒውተር ሳይንስ፦ መብራት ሲኖር። መብራት ሲጠፋ ቲዎሪ።
ቲዎሪ በጣም አስተምረናል።

ሁሉም ሥራ ያዘ ብዬ ግን አልጽፍም፣
«መጽሔት መሐላ አይደለም» ብትለኝም።
ይታገሱ በማኔጅመንት ተመርቋል፤
ዲግሪውን በላስቲክ አስለብጦ
ከባጃጁ መስታወት ጎን ሰቅሏል።
«በሒሳብ ሲከራከሩኝ ወደዚያ እጠቁማለሁ» ይላል።

ያን ጥቅምት ደግሞ ባንድ ዓረፍተ ነገር እለፊው ብለሃል።
አልችልም።
ከሐይቅ በኩል ሲጮህ፣ ሰው ፍራሹን ጠቅልሎ ቁልቁል ሲፈስ፣
ዘበኛው ጋሽ አረቡና እኔ መዝገቡን በአህያ ጭነን
ገራዶ ወረድን፤ ከእህቱ ጉድጓድ፣ ከማሽላው ሥር ቀበርን።
«አብሽሪ» አለኝ፣ «እህል የሚያኖር አፈር ስም አይጥልም።»

ስንመለስ ኮምፒውተር የለም፣ ወንበር የለም፣
ገመዱ እንኳ ከግድግዳው ከነሥሩ ተነቅሏል፤
የጽሕፈት መኪናዎቹን ግን ማንም አልፈለጋቸው፤
ስምንቱም እንዳሉ፣ አቧራ ብቻ ነው ያለበሳቸው።

ሰንብቶ ሰልፉ እስከ ጨርቅ ሱቁ ደጃፍ ወረደ፤
ማስረጃ የሚል፣ ውጤት የሚል፣
ከሁሉም በፊት ግን «ስሜ አለ?» የሚል።
አለ። ማሽላ ማሽላ ይሸታል እንጂ፣ አለ።
የአንዱን ውጤት ብቻ ነቀዝ ከመሀሉ በልቶታል፤
«ኤ ነበር» አለኝ።
ዓይኑን አየሁት።
ጻፍኩለት።

ይኸው ገጹ ሞላ፣ ቁጥር የለበትም። ከረዘመ ቁረጠው።
የጻፍኩት በዚያችው በጎደሎዋ መኪና ነው፣ ጄኔሬተር አትጠይቅም፤
«ደ»ዎቹን በብዕር ሞልቻለሁ።
የዘለልኩት ካለ፣
ከከተማችን ስም ፊት ክፍት ቦታ ካየህ፣
አንተው ጨምርበት፤
ጣትህ ፊደል የለመደው በርሷ አይደል?