ግማሽ ጀሪካን

ማክሰኞ ከሰዓት፣ በነነዌ ጾም፣
ጊዮርጊስ ቅጽር ውስጥ፣ ከወንዶቹ ጋር ስቆም፣
ቀሲስ ብቅ ብለው፣ ስለ ማዕበል ሲያወሩ፣
«ሂድ ሲሉት የሸሸ፣ ባሕር ነው መምህሩ»
አሉና ዝም አሉ።
ራሴን ነቀነቅሁ፣ ነገር እንደገባው ሰው፤
በሌላ ሰው ጥፋት፣ ማልቀስ ቀላል ነው።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ጮኸ፤ አየሁት።
ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ሰባት ዓመት ያዝሁት፣
አንድም ቀን ሳልደውል።
አንሙት ነው፣ የደቁ።
በመስቀል ሲምልም፣ ከንፈሮቹ አልደረቁ፤
በዚያ መሐላ በላው፣ የይታያልን ማሳ፣
የወንድሜን፤ ገና፣ ድንኳኑ ሳይነሳ።

ቁጥሬን ከጀልባ ጎን፣ አንዱ አንብቦ ሰጠው፤
ባለጀልባው ማን ነው? ብሎ አልጠየቀው።
«ወንድሜ፣ የሞተር ጀልባው ነህ? አድነን፤
ምራቴ በምጥ ላይ፣ ይኸው ሁለት ቀን፤
ጤና ጣቢያው ከብዶት፣ ‘ባሕር ዳር’ አለን።»

ወንድሜ አለኝ። እሱ።

«ቤንዚን የለኝም» አልሁ። እውነትም አይደለ፣
ውሸትም አይደለ፤ ግማሽ ጀሪካን አለ፤
ደቅ ድረስ ይበቃል፤
መመለሻውን ግን፣ እግዜር ብቻ ያውቃል።
ጋቢዬን ለብሼ፣ ወደ ግድግዳው ዞርሁ፤
ከመርከብ ሥር የተኛን፣ ያን ሰው አስታወስሁ።
«ማን ነው?» አለች ሚስቴ፣ ከጨለማው ማዶ፤
«ቁጥር ተሳስቶ ነው» አልኋት፣ አፌ ከብዶ።
ስንት ባለጀልባ፣ ባለበት ከተማ፣
የእኔ ስልክ ጮኸ።
የእኔን ማን አሰማ?

ቅዱስ ሆኜ አይደለም። እያጉረመረምሁ፣
እየተራገምሁ ነው፣ ገመዱን የፈታሁ።

ደንገሉን ሳልፈው፣ እምቦጭ ሞተሩን ያዘው፤
በቢላ፣ በጥፍሬ፣ ስቆርጥ ስመዝዘው፣
እጄ ደነዘዘ። «ይኸው፣ ምክንያት አገኘሁ፣
ልመለስ» አልሁና፣ ወደ ኋላ አየሁ፤
የባሕር ዳር መብራት፣ ውኃው ላይ ተኝቷል፤
ከፊቴ ጨለማ፣ ጉማሬ ያጓራል።
እንዴት እንደሆነ፣ እኔም አላውቀውም፣
ሞተሩ ሲነሳ፣ አፍንጫው አልዞረም።

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ደቅ ዳርቻው ላይ፣
ባትሪ የያዘ ሰው፣ ሮጦ መጣ፣ ሊያይ፤
ብርሃኑን ፊቴ ላይ፣ አበራና ቀጥ አለ፤
ከንፈሩ ተንቀጥቅጦ፣ ስሜን ሳይል ዋለለ።
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ስስለው የኖርሁት፣
አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለዚህ ቀን ያኖርሁት፣
ምላሴ ጫፍ ደረሰ።
እናንዬ አቃሰተች፣ ቃሬዛው ላይ ሆና፤
ዋጥሁት። አልጣመኝም። «አስገቧት» አልሁና።

«ቤንዚን አልቋል» አልሁት። ሮጠ ወደ ማሳ፣
ወደዚያው፣ ወደ እኛ፣ ወደ ይታያል ማሳ፤
ከውኃ ፓምፑ ሆድ፣ የነበረውን ሁሉ፣
ቀድቶ ይዞ መጣ፤ ግማሽ ጀሪካን ሙሉ።
ሽንኩርት ሲያጠጣበት፣ የወንድሜን አፈር፣
ያ ቤንዚን አሻገረን። ምን ብዬ ልናገር?

ስንመለስ ዝም ነው። በጣሳ ውኃ ይቀዳል፤
እኔ መሪ ይዤ፣ ጎኔን ብርድ ይጎዳል፤
እናንዬ ብቻ ናት፣ ድምፅ አውጥታ የምትጠራ፣
«እመብርሃን!» እያለች፣ በሦስታችን ተራ።

ጎህ ሲቀድ ደረስን። ሆስፒታሉ በር ላይ፣
የታጠፈ ብር አወጣ፤ ዓይኔን ግን ሳያይ።
«ለሕፃኑ ያዘው» አልሁ። ሌላ ቃል አልነበረም።
ቀትር ላይ ተደወለ፤ ያው ቁጥር፤ አነሳሁ፤
«ሴት ናት። ደህና ናቸው» አለ። ሌላ አልሰማሁ።

ማሳው ዛሬም የሱ ነው። ይቅርታም አላለኝ፤
እኔም አልጠየቅሁት። ይህን ብቻ አለኝ፦
ረቡዕ ቅዳሴ ላይ፣ በመጨረሻው ጾም፣
እንቅልፍ እያዳፋኝ፣ ከወንዶቹ ጋር ስቆም፣
አጠገቤ ያለው፣ አፍንጫውን ያዘ፤
ነጠላዬን ሳላጥብ፣ ቤንዚን እንደያዘ
መጥቼ ነው።
ምሕረት ሽታ ካላት፣ ዕጣን መስሎኝ ነበር።